የቦኒና የክላይድ መደበቂያዎች

ዘረፋ አጭር ሥራ ነው። ሽጉጥ ይመዘዛል፣ ገንዘብ ይታፈሳል፣ መኪና ይነሳል፤ ሁሉም በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። ረጅሙ ሥራ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። ዛሬ የት ይታደራል? እንጀራውን ማን ወጥቶ ይገዛል? የቆሰለውን ማን ያጥባል? ቦኒ ፓርከርና ክላይድ ባሮው የተባሉት አሜሪካውያን ፍቅረኞች ስማቸው የገነነው በዘረፋ ቢሆንም፣ በሽፍትነት አብረው ከኖሩት ሁለት ዓመት ገደማ አብዛኛውን የፈጀው መደበቅ ነበር። ስለዚህ ይህን ታሪክ በዘረፉት ባንክ ሳይሆን ባደሩበት ቦታ እየተከተልን እንሄዳለን። ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ክላይድ ማርች 24 ቀን 1909 በቴክሳስ ግዛት፣ ከዳላስ ከተማ በስተደቡብ ቴሊኮ በምትባል መንደር አጠገብ ተወለደ። ወላጆቹ የሰው መሬት እያረሱ ጥጥ የሚያመርቱ ድሆች ነበሩ፤ ከሰባት ልጆቻቸው እሱ አምስተኛው ነው። እርሻው አላዋጣ ሲል በ1920ዎቹ መጀመሪያ ወደ ምዕራብ ዳላስ ተሰደዱ። ምዕራብ ዳላስ ያኔ መብራትም ውሃም በቅጡ ያልገባለት፣ ከገጠር የፈለሰ ሰው የሰፈረበት ጭቃ ሰፈር ነው። ቤት እስኪያገኙ ድረስ ቤተሰቡ ከጋሪያቸው ሥር ይተኛ ነበር። በኋላ አባትየው አነስ ያለች የነዳጅ ማደያ ከፈቱ። ይህችን ማደያ አንባቢ ልብ ይበላት፤ ደጋግመን እንመለስባታለን።

ቦኒ ኦክቶበር 1 ቀን 1910 ሮዌና በምትባል የቴክሳስ ከተማ ተወለደች። ግንበኛ የነበሩት አባቷ ሲሞቱ አራት ዓመቷ ነበር፤ እናቷ ኤማ ልጆቻቸውን ይዘው እዚያው ምዕራብ ዳላስ፣ የሲሚንቶ ፋብሪካ ወዳለበት ሰፈር መጡ። በትምህርቷ ጎበዝ ነበረች፤ ግጥም መጻፍ ትወድ ነበር። አሥራ ስድስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀን ሲቀራት ሮይ ቶርንተን የተባለ ልጅ አገባች። ባልየው እየጠፋ እየመጣ ቆይቶ በመጨረሻ ወህኒ ወረደ። ቦኒ ግን አልፈታችውም፤ በሞተችበት ቀን እንኳ ቀለበቱ ጣቷ ላይ ነበር። እሷ በዚህ መሀል በዳላስ ምግብ ቤቶች በአስተናጋጅነት ትሠራ ነበር።

የተገናኙት በጃንዋሪ 1930 ነው፤ ምዕራብ ዳላስ፣ አንድ ወዳጃቸው ቤት። እሷ 19፣ እሱ 20። ሳምንታት ሳይቆዩ ክላይድ በመኪና ስርቆትና በዘረፋ ተይዞ ዋኮ ከተማ ታሰረ። ቦኒ ልትጠይቀው ስትገባ ሽጉጥ ደብቃ አቀበለችው፤ አመለጠ። ብዙም ሳይቆይ ኦሃዮ ውስጥ ተይዞ ተመለሰና ኢስተም ወደሚባለው የእርሻ እስር ቤት ተላከ።

ኢስተምን ሳያውቁ ክላይድን ማወቅ አይቻልም። እስረኛው በፈረስ የሚጠብቁት ዘበኞች እየነዱት ጥጥ ይለቅማል፣ ይቆፍራል፤ የለገመ ይገረፋል። በዚያ ላይ አንድ ጉልበተኛ እስረኛ ክላይድን በተደጋጋሚ ደፈረው። በ1931 ክላይድ ያንን ሰው በብረት ቧንቧ ራሱን መትቶ ገደለው፤ ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ሌላ እስረኛ ጥፋቱን በራሱ ላይ ወሰደለት። በጃንዋሪ 1932 ደግሞ ከእርሻ ሥራው ለመገላገል ሲል ሁለት የእግሩን ጣቶች በመጥረቢያ አስቆረጠ። እናቱ ኩሚ ባሮው በዚያው ሰሞን ለገዥው አቤት ብለው አመክሮ አግኝተውለት ኖሯል። ጣቶቹ በተቆረጡ በስድስተኛው ቀን፣ ፌብሩዋሪ 2፣ በክራንች እየተደገፈ ወጣ። ከዚያ ወዲያ እስኪሞት ያነክስ ነበር። የሚያውቁት ሰዎች እንደመሰከሩት ከወጣ በኋላ በልቡ የያዘው ሀብት መሰብሰብ አልነበረም፤ ተመልሶ ኢስተምን መበቀል ነበር።

ለበቀል መሣሪያ ያስፈልጋል። በኤፕሪል 1932 ኮፍማን በምትባል ከተማ የብረታ ብረት ሱቅ ሰብረው ሽጉጥ ሊሰርቁ ሲሉ ተነቃባቸው። ቦኒ ተያዘች፤ ክላይድ አመለጠ። እሷ እስከ ጁን አጋማሽ ታስራ የሚያስከስስ ማስረጃ አልተገኘባትም ተብላ ተለቀቀች። በዚያ መሀል ክላይድ ሂልስቦሮ ውስጥ አንድ ሱቅ ሲዘረፍ መኪና ይዞ ደጅ ይጠብቅ ነበር፤ ባለሱቁ በጥይት ተገደለ። ሚስትየው ከፖሊስ ፎቶዎች መካከል የክላይድን ለይተው አመለከቱ። ኦገስት 5 ደግሞ ኦክላሆማ፣ ስትሪንግታውን፣ አንድ የመንደር ጭፈራ ላይ ሊያናግሩት በቀረቡ ፖሊሶች ላይ እሱና ጓደኛው ተኮሱ። ዩጂን ሙር የተባለው ምክትል ሸሪፍ ሞተ፣ አለቃው ክፉኛ ቆሰለ። ቦኒ በዚያ ምሽት እናቷ ቤት ነበረች። እዚያው መቅረት ትችል ነበር። ሄደች።

እዚህ ላይ የዘመኑን መልክ ማስታወስ ይገባል። አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት ውስጥ ነበረች። ባንኮች ይዘጋሉ፣ ያልተዘጉት የገበሬውን መሬት በዕዳ ይነጥቃሉ። ባንክ የሚዘርፍን ሰው የሚጠላ ድሃ ብዙ አልነበረም። ነገር ግን ቦኒና ክላይድ በአብዛኛው የዘረፉት ባንክ አይደለም፤ እንደነሱ የደኸየ ባለሱቅና የነዳጅ ማደያ ነው። ፊልሞቹ ይህን ማሳየት አይወዱም።

መኪናቸው ብዙ ጊዜ ፎርድ ነበር፤ ባለ ስምንት ሲሊንደሩና ፈጣኑ፣ ሁልጊዜም የተሰረቀ። ክላይድ በአንድ ሌሊት ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ይነዳል፤ ታርጋውን በየቀኑ ይቀይራል። ዋናው ጥበብ ግን የግዛት ወሰን ነበር። የቴክሳስ ሸሪፍ ሥልጣኑ ከቴክሳስ ጋር ያበቃል፤ ኦክላሆማ ከገቡ ማሳደዱ ይቋረጣል። የአገሪቱ ማዕከላዊ መንግሥት በመኪና ስርቆት ሊከሳቸው ይችል ነበር እንጂ ባንክ መዝረፍ ራሱ የፌዴራል ወንጀል የሆነው ሜይ 18 ቀን 1934 ነው፤ እነሱ ሊሞቱ አምስት ቀን ሲቀራቸው። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ በቴክሳስ፣ በኦክላሆማ፣ በአርካንሶ፣ በሚዙሪና በሉዊዚያና ጠርዝ ጠርዝ ይሽከረከሩ ነበር። እንቅልፋቸው መኪና ውስጥ ነው፤ ገላቸውን የሚታጠቡት ወንዝ ወርደው፤ ምግባቸው ሳንድዊችና የታሸገ የቆርቆሮ ምግብ።

በዚህ ሁሉ ዳላስን አልረሱም። ቦኒ ከእናቷ ተለይታ መኖር የማትችል ልጅ ነበረች፤ ክላይድም የእናቱ ልጅ ነበር። ከተማዋን ሲደርሱ በአባቱ ነዳጅ ማደያ ፊት በፍጥነት እየነዱ የለስላሳ ጠርሙስ ይወረውራሉ፤ በጠርሙሱ ውስጥ የመገናኛው ቦታ የተጻፈበት ወረቀት አለ። ያን ጊዜ ወይዘሮ ኩሚ ለፓርከር ቤተሰብ ስልክ ይደውሉና ዛሬ ባቄላ ልቀቅል ነው ይላሉ። የገባው ይገባዋል። በመሸ ጊዜ እናቶች፣ እህቶችና ወንድሞች ምግብና ንጹሕ ልብስ ይዘው ከከተማ ወጣ ባለ ገጠር መንገድ ላይ ይሰባሰባሉ፤ ሣር ላይ ብርድ ልብስ ተነጥፎ ይበላል፣ ይወራል፣ ይለቀሳል። ልጆቹ ገንዘብ ሲኖራቸው ለቤተሰባቸው ይሰጣሉ፣ ሳይኖራቸው ይቀበላሉ። እኔ እስከማውቀው በዚህ ታሪክ ውስጥ ሽፍቶቹን በእውነት የደበቃቸው ጫካም፣ መሣሪያም፣ ፈጣን መኪናም አይደለም፤ ይህ ቤተሰብ ነው።

በ1932 የገና ዋዜማ ደብሊው ዲ ጆንስ የሚባል የ16 ዓመት የሰፈር ልጅ ካልወሰዳችሁኝ ብሎ ተጣበቀባቸው። ወሰዱት። በማግስቱ፣ በገና ቀን፣ ቴምፕል በምትባል ከተማ መኪና ሊሰርቁ ሲሉ ባለቤቱ ደረሰባቸውና በገዛ ቤቱ ደጃፍ ተገደለ። በአዲሱ ዓመት ጃንዋሪ 6 ለሌላ ሽፍታ በተዘረጋ ወጥመድ ዳላስ ውስጥ ሳያውቁ ገቡና ማልከም ዴቪስ የተባለ ምክትል ሸሪፍ ገደሉ። ከእንግዲህ ማንም ቢይዛቸው ክላይድን የሚጠብቀው የኤሌክትሪክ ወንበር ነው።

የመጀመሪያው እውነተኛ ቤት የተገኘው በ1933 ጸደይ ነው። የክላይድ ታላቅ ወንድም በክ ባሮው ማርች 22 በምህረት ከወህኒ ወጣ። ሚስቱ ብላንሽ ሃይማኖተኛ ቤት ያደገች ልጅ ነበረች፤ ከወህኒ አምልጦ በነበረ ጊዜ ለምና፣ አልቅሳ፣ በገዛ ፈቃዱ እንዲመለስና ፍርዱን እንዲጨርስ ያደረገችው እሷ ናት። አሁን ነፃ ሰው ሆኖ ወጥቷል፤ እሱ ግን ታናሼን ሳላይ አልውልም አለ። ሚዙሪ ውስጥ ጃፕሊን በምትባል ከተማ፣ ጸጥ ባለ ሰፈር፣ ከጋራዥ በላይ የተሠራ ፎቅ ቤት ተከራዩ። ብላንሽ ነጭ ውሻዋን ይዛ መጣች።

ወደ ሁለት ሳምንት ያህል ሰው ሆኑ። በአልጋ ተኙ። ቦኒ ግጥም ጻፈች፣ ብላንሽ አበሰለች፣ ወንዶቹ ሌሊቱን ካርታ ሲጫወቱ አደሩ። ቢራ በአገሪቱ እንደገና የተፈቀደው በዚያው ኤፕሪል ስለነበር በሳጥን እያስመጡ ይጠጡ ጀመር። ጫጫታ በዛ። አንድ ቀን ክላይድ ከባድ ጠመንጃ ሲወለውል ሳያስበው ጥይት ባረቀበት። ጎረቤት መጥቶ አልጠየቀም፤ ለፖሊስ ግን ተናገረ። ፖሊስም የጠረጠረው ሕገወጥ አረቄ ነጋዴዎችን ነበር። ኤፕሪል 13 ከሰዓት በኋላ አምስት መኮንኖች በሁለት መኪና መጥተው ጋራዡ በር ላይ ሲቆሙ፣ ፊት ለፊታቸው ማን እንዳለ አያውቁም።

ተኩሱ የጥቂት ደቂቃ ነበር። ሃሪ ማጊኒስና ዌስ ሃሪማን የተባሉ ሁለት የፖሊስ ሰዎች ሞቱ። ሽፍቶቹ ጆንስ ቆስሎባቸው አመለጡ፤ ብላንሽ ደንግጦ የሮጠ ውሻዋን እየጠራች በመንገዱ ቁልቁል ስትሮጥ ከፊት ደርሰው ነው ያፈሷት። የያዙት ነገር የለበሱት ብቻ ነበር። ጊታር፣ የቦኒ ግጥም፣ የበክ የምህረት ወረቀት፣ የጋብቻ ሰርተፊኬት፣ ሁሉም እዚያው ቀረ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ያልታጠቡ የፎቶ ፊልሞች ነበሩ።

የከተማዋ ጋዜጣ ፊልሞቹን አጥቦ አወጣቸው። ቦኒ እግሯን የመኪናው የፊት መከላከያ ላይ አሳርፋ፣ ሽጉጥ ወገቧ ላይ፣ ሲጋር አፏ ውስጥ። ሲጋሩ ለቀልድ የተያዘ ነው፤ እሷ የምታጨሰው ተራ ሲጋራ ነበር። ግን ማን ይሰማል? ፎቶዎቹ በአገሩ ጋዜጣ ሁሉ ዞሩ፤ የአርባ አምስት ኪሎዋ አስተናጋጅ በአንድ ጊዜ ሲጋር የምታጨስ ሴት ሽፍታ ሆነች። ፎቶው ዝና ሰጣቸው፣ ቤት ግን ነሳቸው። ከጃፕሊን በኋላ አንድም ጊዜ እንዲህ ባለ ሰፈር ቤት ተከራይተው ተረጋግተው አልኖሩም።

ጁን 10 ሌሊት ክላይድ በቴክሳስ ዌሊንግተን አጠገብ እንደ ልማዱ ይበራል። ድልድዩ በሥራ ላይ እንደሆነ የሚያስጠነቅቀውን ምልክት አላየም። መኪናው ወንዙ አሸዋ ላይ ተገለበጠ። የባትሪው አሲድ ነው ይባላል፣ የቦኒን ቀኝ እግር አጥንቷ እስኪታይ አቃጠለው። በአቅራቢያው የነበሩ ገበሬዎች ተሸክመው ቤታቸው አስገቧት፤ የቤት መድኃኒት ቀቧት። ከዚያ መሣሪያውን አዩና አንዱ ሹልክ ብሎ ለሸሪፉ ነገረ። የመጡትን ሁለት የሕግ ሰዎች ክላይድ በገዛ እጀ ሙቃቸው አስሮ በራሳቸው መኪና ወሰዳቸው፤ ኦክላሆማ ሲገባ ዛፍ ላይ በአጥር ሽቦ አስሮ ተዋቸው። ቦኒ ከዚህ ቀን ወዲያ በደህና አልተራመደችም። ወይ በአንድ እግሯ ትዘላለች፣ ወይ ክላይድ ይሸከማታል።

ፎርት ስሚዝ፣ አርካንሶ። መንገደኛ በመኪናው የሚያርፍባት አንዲት ክፍል። ትኩሳቱ ሲበረታባት ክላይድ ሌሊቱን ዳላስ ነድቶ ታናሽ እህቷን አምጥቶ አስታመማት። ሐኪም ቤት መውሰድ ማለት መያዝ ነው። ብር ሲያልቅ በክና ጆንስ ሱቅ ሊዘርፉ ወጡ፤ ሲመለሱ አልማ በምትባል ከተማ የከተማውን ማርሻል ሄንሪ ሃምፍሪን ተኩሰው መቱት፤ ከቀናት በኋላ ሞተ። ማስታመሙ እንኳ ሰው ይገድል ነበር።

ጁላይ 18 ከካንሳስ ሲቲ ብዙ በማይርቀው ፕላት ሲቲ፣ ሬድ ክራውን የሚባል የመንገደኞች ማረፊያ ደረሱ። በሁለት ጋራዦች የተያያዙ ሁለት የጡብ ክፍሎች። ቦታውን የመረጠው ክላይድ ነው፤ ምርጫው ግን ስህተት ነበር፤ አጠገቡ የነበረው ምግብ ቤት የአውራ ጎዳና ፖሊሶች የሚያዘወትሩት ነው። ቀሪውን ጥርጣሬ ራሳቸው ዘሩት። ብላንሽ ለሦስት ሰው ብላ ተመዘገበች፤ አከራዩ አምስት ሆነው ሲወርዱ አየ። ክፍያው በሳንቲም ተቆጥሮ ተሰጠ። መኪናው ለማምለጥ እንዲመች የኋሊት ገባ። መስኮቱ በጋዜጣ ተለጠፈ። ምግብ ሲታዘዝ ለአምስት ሰው ነው፤ ያውም በሳንቲም። ብላንሽ የለበሰችው የፈረስ ግልቢያ ሱሪ ደግሞ በዚያ ከተማ ሴት የምትለብሰው አልነበረም፤ ዓመታት አልፈው እንኳ ያዩት ሰዎች የሚያወሩት ስለሱ ነበር። ለቦኒ ቁስል ፋሻና መድኃኒት ሲገዛ ባለመድኃኒቱም ለሸሪፍ ሆልት ኮፊ ነገረ።

በማግስቱ ማታ አምስት ሰዓት ላይ ፖሊሶች ብረት ለበስ መኪና ይዘው ከበቡ። የሸሪፉ አውቶማቲክ መሣሪያ ክላይድ ከጦር ግምጃ ቤት ከዘረፈው ከባድ ጠመንጃ ጋር አልተመጣጠነም። በመሀሉ አንድ ጥይት የብረት ለበሱን ጥሩንባ መታና ያለማቋረጥ ይጮህ ጀመር፤ ፖሊሶቹ ተኩስ አቁም የተባለ መስሏቸው ተዉት። በዚያ ክፍተት አመለጡ። ግን በክ ግንባሩን ተመትቶ አንጎሉ ይታይ ነበር፤ የብላንሽ ዓይኖች በመኪናው መስታወት ስብርባሪ ተወግተዋል።

ቀጣዩ ማደሪያ ጣሪያ የለውም። አዮዋ ውስጥ ዴክስተር አጠገብ፣ የተተወ የመዝናኛ ቦታ ነበር፤ ዴክስፊልድ ፓርክ ይሉታል። ዛፍ ሥር ምንጣፍ አንጥፈው አምስት ቀን ያህል ቆዩ። በክ ለመሞት ሲጣጣር፣ ቦኒ በአንድ እግር ስትዘል፣ ብላንሽ ሳታይ። ክላይድ ከዴክስተር ምግብና በረዶ እያመላለሰ ያመጣል። ደም ያለበት ፋሻ ያየ የአካባቢው ሰው ተናገረ። ጁላይ 24 ንጋት ላይ ፖሊስና ትርዒት ሊያይ የመጣ ሕዝብ፣ አንድ ላይ መቶ የሚያህል ሰው ከበባቸው። ክላይድ፣ ቦኒና ጆንስ ሦስቱም ቆስለው ወንዙን በዋና ተሻግረው አመለጡ። በክ ጀርባውን ተመትቶ ከብላንሽ ጋር ተያዘ፤ ከአምስት ቀን በኋላ ሆስፒታል ውስጥ ሞተ። በዚያ ዕለት ከተነሱት ፎቶዎች አንዱ ብላንሽን ያሳያል፤ ጥቁር መነጽር አድርጋ በፖሊሶች ተይዛ ትጮሃለች። 22 ዓመቷ ነበር። አሥር ዓመት ተፈረደባት።

ጆንስ በሴፕቴምበር ተለይቷቸው ወደ እናቱ ሄደ፤ በኖቬምበር ሂዩስተን ተያዘ። ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ኖቬምበር 22 ሰዌርስ አጠገብ ቤተሰባቸውን ሊያገኙ ሲመጡ የዳላስ ሸሪፍ ደፍጦ ጠበቃቸው። እግራቸውን ተመቱ፣ አመለጡ። ክላይድን ያናደደው መመታቱ አልነበረም፤ እናቱ ባሉበት ቦታ ተኩስ መከፈቱ ነው። በዚያው ወር መጨረሻ ዳላስ ውስጥ ቦኒም በነፍስ ግድያ ተከሰሰች፤ የመጀመሪያዋ የግድያ ክስ ናት።

ጃንዋሪ 16 ቀን 1934 ክላይድ ያን የቆየ ስዕለቱን አደረሰ። ኢስተም እርሻ አጠገብ ሽጉጥ አስደብቆ፣ በጭጋጋማ ንጋት መኪና ይዞ እየጠበቀ እስረኞችን አስመለጠ፤ ሬይመንድ ሃሚልተን፣ ጆ ፓልመርና ሄንሪ መትቪን የሚባል የሉዊዚያና ልጅ ከነዚህ መካከል ነበሩ። ፓልመር ጆ ክራውሰን የተባለ ዘበኛ ተኩሶ መታ፤ በኋላ ሞተ። የቴክሳስ እስር ቤቶች ኃላፊ ሊ ሲመንስ ይህን ውርደት መዋጥ አልቻለም። ፍራንክ ሄመር የሚባል፣ ከቴክሳስ ሬንጀርነት ጡረታ የወጣ ዝምተኛ አዳኝ ጠራና ሥራውን ሰጠው።

ፌብሩዋሪ 27 ላንካስተር ላይ ከባንክ ከ4 ሺህ ዶላር በላይ ዘረፉ፤ ከተሳኩላቸው ዘረፋዎች ትልቁ ሳይሆን አይቀርም። ወዲያው በክፍፍሉ ተጣሉ፤ ሃሚልተን ፍቅረኛውን ይዞ ሄደ። ቦኒና ክላይድ ዘንድ የቀረው ሄንሪ መትቪን ነው።

ኤፕሪል 1፣ የፋሲካ እሑድ፣ ግሬፕቫይን አጠገብ ከመንገድ ወጣ ብለው መኪና ውስጥ አርፈው ነበር፤ ቦኒ ለእናቷ ልትሰጥ ያመጣችው ጥንቸል ይዛለች። ሁለት የአውራ ጎዳና ፖሊሶች በሞተር ሳይክል ቀረቡ። ክላይድ ለመትቪን የተናገረው እንያዛቸው ማለቱ ነበር ይባላል፤ መትቪን ተኮሰ፣ ክላይድም ጨመረ። ዊለርና መርፊ የተባሉት ሁለቱም ሞቱ። መርፊ ሠርጉ ከሁለት ሳምንት ያነሰ ቀን ነበር የቀረው፤ እጮኛው ቀብሩ ላይ የሠርግ ቀሚሷን ለብሳ ቆመች። አንድ ሰው ደግሞ ቦኒ እየሳቀች ስትተኩስ አየሁ ብሎ ለጋዜጣ ተናገረ። ይህ ውሸት እንደሆነ በኋላ ተረጋገጠ፤ ያኔ ግን አገሩ አመነው። ከአምስት ቀን በኋላ ኦክላሆማ፣ ኮመርስ፣ 60 ዓመት የሆናቸውን ካል ካምቤል የተባሉ የፖሊስ ሹም ገደሉ። ባንኮችን ጠልቶ እስከዚያ ሲያዝንላቸው የነበረ ሰው ሁሉ ፊቱን አዞረ። የአውራ ጎዳና ፖሊስ አለቃው ሬሳቸውን ላመጣ 1 ሺህ ዶላር ሽልማት አወጀ፤ ስለ መያዝ አልተናገረም።

ሄመር በሩጫ አላሳደዳቸውም። ካርታ ዘርግቶ ዞሮ ዞሮ የሚመለሱበትን አየ፤ ወንበዴዎቹ በየግዛቱ ጠርዝ የሚሽከረከሩት እንደ ቤተ ዘመድ ጥየቃ በዘመድ ቤት ዙሪያ ነው። የባሮውና የፓርከር ቤት ዳላስ ነው፤ የመትቪን ቤት ደግሞ ሉዊዚያና፣ ቢየንቪል። ተራው የመትቪን ነው አለና እዚያ ሄዶ ተቀመጠ። የመትቪን አባት አይቪ በአካባቢው ሸሪፍ በሄንደርሰን ጆርዳን በኩል ስምምነት አደረጉ። ልጄ በቴክሳስ ምህረት ያግኝ፤ እነሱን እሰጣለሁ። እንደኔ ፍርድ አባትየውን መውቀስ ከባድ ነው። የክላይድ እናት ለልጃቸው እንዳደረጉት ሁሉ፣ አባትየውም ለልጃቸው አደረጉ።

ሜይ 21 ማታ ስድስት ሰዎች ከጊብስላንድ ወደ ሴይልስ በሚወስደው መንገድ ዳር ጥሻ ውስጥ ደፈጡ። ሄመርና የድሮ ባልደረባው ጎልት፣ ከዳላስ ሂንተንና አልኮርን፣ ከአካባቢው ጆርዳንና ምክትሉ ኦክሊ። ማክሰኞ በትንኝ እየተነደፉ ዋሉ፤ ማንም አልመጣም። ረቡዕ ሜይ 23 ንጋት ላይ የአይቪን የጭነት መኪና ጎማው እንደተበላሸ አስመስለው መንገድ ዳር አቆሙ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሩብ ገደማ ግራጫ አሸዋማ ቀለም ያለው ፎርድ እየበረረ መጣ፤ ካንሳስ ቶፒካ ከአንዲት ሴት የተሰረቀ ነው። ክላይድ ያለ ጫማ በካልሲ ይነዳ ነበር። ቦኒ ከጊብስላንድ የገዛችውን ሳንድዊች ይዛለች። ክላይድ የአይቪን መኪና ሲያይ ፍጥነቱን ቀነሰ። ኦክሊ የመጀመሪያውን ጥይት ተኮሰ፤ ክላይድ ወዲያው ሞተ፤ ቦኒ ጮኸች። ስድስቱም በአንድ ላይ ወደ 130 ጥይት አርከፈከፉባቸው። እጅ ስጡ ያለ የለም። እሱ 25፣ እሷ 23 ዓመታቸው ነበር።

መኪናው ውስጥ የተገኘው ከደርዘን በላይ መሣሪያ፣ በሺህ የሚቆጠር ጥይት፣ አሥራ አምስት የሚሆን የተሰረቀ ታርጋና አንድ ሳክስፎን ነው። ወሬው በሰዓታት ተሰማ። ሬሳው የተወሰደባት አርኬድያ ሁለት ሺህ ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት፤ በዚያ ቀን አሥራ ሁለት ሺህ ሆነች ይባላል። የቢራ ዋጋ ከ15 ወደ 25 ሳንቲም ወጣ። ሰው የቦኒን ፀጉርና የቀሚሷን ጨርቅ ይቆርጥ ነበር፤ አንዱ የክላይድን ጆሮ ሊቆርጥ ሲል ተከለከለ። ከአዳኞቹ ለእያንዳንዳቸው የደረሰው ሽልማት 200 ዶላር ከ23 ሳንቲም ነው።

አብረው መቀበር ይፈልጉ ነበር። የቦኒ እናት ግን በሕይወቷ ወስዷታል፣ በሞቷ አይወስዳትም ብለው ከለከሉ። ክላይድ ከበክ ጎን ተቀበረ፤ ቦኒ በሌላ መቃብር ናት። ሁለቱም ዳላስ ናቸው።

መንግሥት አልረካም። ፌብሩዋሪ 1935 ዳላስ ላይ ሃያ ያህል ዘመድና ወዳጅ ሽፍታ በመደበቅና በመርዳት ተከሶ ቆመ። የቦኒና የክላይድ እናቶች፣ ኤማ ፓርከርና ኩሚ ባሮው፣ እያንዳንዳቸው 30 ቀን ታሰሩ። ባቄላ ቀቅሎ ማምጣት በሕግ ወንጀል ሆኖ ተገኘ። በሜይ ወር ሃሚልተንና ፓልመር በአንድ ቀን በኤሌክትሪክ ወንበር ተቀጡ። ሄንሪ መትቪን በአባቱ ስምምነት ከቴክሳስ ምህረት አገኘ፤ ስምምነቱ ግን ኦክላሆማን አይጨምርም ነበርና በካምቤል ግድያ ሞት ተፈረደበት። ፍርዱ ተለውጦ በ1942 ወጣ፤ በ1948 ባቡር ገጭቶት ሞተ።

በ1967 አርተር ፔን ያዘጋጀው ፊልም ሁለቱን እንደገና ወጣትና ቆንጆ አድርጎ አመጣቸው። ዋረን ቤቲና ፌይ ደነዌይ ተጫወቱ፤ ብላንሽን የተጫወተችው ኤስቴል ፓርሰንስ ኦስካር ተሸለመች። በፊልሙ ሄመር የተዋረደ ሞኝ ሆኖ በመታየቱ ሚስቱ ከስሰው በ1971 በስምምነት ካሣ አገኙ። ብላንሽም አልወደደችውም፤ እንደዚያ የምትጮህ ሴት አልነበርኩም አለች። እሷ ስድስት ዓመት ታስራ በ1939 ወጥታ፣ ሌላ ባል አግብታ፣ አንድ ዓይኗ ሳያይ እስከ 1988 ዳላስ አካባቢ ኖረች። እስር ቤት ሳለች በእጇ የጻፈችው ትዝታ በመጽሐፍ የታተመው በ2004፣ ከሞተች ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ ነው።